«ተባረኪ» ደመወዝ አይደለም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወጣቶች ኅብረት ስንወጣ፣ እንደምታውቁት፣ እግራችን ወደ ፒያሳ ያመራል። የደሴ ብርድ ከጦሳ ላይ ሲወርድ ትኩስ ሻይ ሳይቀምሱ ወደ ቤት መግባት አይታሰብም። ባለፈው ወር ስድስት ሆነን አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ከእናንተው አንዱ ሻዩን ያቀረበችልንን ልጅ በጨዋታ መካከል «እዚህ ስንት ይከፍሉሻል?» ብሎ ጠየቃት። ሳትሸሽግ ነገረችው። ብዙ አይደለም። ግን ደመወዝ ነው፤ ምሳ አለው፤ የእንግዳ ጉርሻም አለው። ጠያቂው ወደ እኔ ዞረና «መምህር፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካፌ ሲከፈትስ ለእኛ ስንት ይከፈለናል?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ያልሳቅሁት ጥያቄውን ከዚህ በፊት ስለማውቀው ነው። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ አጥቢያ የወጣቶች አስተማሪ ነበርሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ለአዳራሽ ማሠሪያ ገንዘብ እንዲሆን በአስፋልቱ በኩል ሁለት ክፍል ከፍቶ፣ በአንዱ ሻይና ብስኩት፣ በሌላው ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥ ጀመር። የሚሠሩት ወጣቶቹ ነበሩ፤ ተራ የማወጣው ደግሞ እኔ። ከመካከላቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት አንዲት ልጅ ነበረች። ሌላ ሥራ ስለሌላት የሌሎቹን ተራ ሁሉ እርሷ ትሸፍናለች። ጠዋት ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው ያሳደጓት። አንድ ቀን ማታ ቁልፉን ልታስረክበኝ መጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ የባጃጅ ብቻ ቢሰጠኝ» አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፣ «ለጌታ የሚሠራ ሰው አይቆጥርም፤ ተባረኪ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከካፌው ቀረች፤ ቀጥሎ ከመዘምራን ቀረች፤ በመጨረሻም ከእሑድ ጉባኤ ቀረች። እኛም ስሟን በጸሎት ርዕሶቻችን ውስጥ «ለቀዘቀዙ» ከሚለው ሥር ጻፍነው። ማን እንዳቀዘቀዛት ግን አልጠየቅንም።

ሒስ ከራስ ሲጀምር ያምራል ይባላልና ይህን አስቀድሜ ተናገርሁ። አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

ሒሴ የሚያርፈው «አገልግሎት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው፤ ክብሩንም ያገኘው በዋጋ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋና ንብረቷ ሲወረስ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ሥራው የተሠራው በየቤቱ፣ ጥቂት ጥቂት ሆነው በሚሰበሰቡ ምእመናን ነው። ብዙዎቹ እናቶችና ወጣቶች ነበሩ። ቤታቸውን ከፈቱ፣ አስተማሩ፣ እስርን ተጋፈጡ። ደመወዝ የጠየቀ አልነበረም፤ እንዲጠይቅም የሚጠብቅ አልነበረም።

ከእናንተም መካከል ይህን በራሳችሁ እጅ የሠራችሁ አላችሁ። በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ሳሉ፣ ከየቤቱ እንጀራ የሰበሰበ፣ ሽሮ የሠራ፣ ብርድ ልብስ የተሸከመ ወጣት ብዙ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ሠራ። የሠራው ሰዓቱን አልቆጠረም፤ ባይቆጥርም ትክክል ነበር።

ታዲያ እነዚህን ሥራዎች ከካፌው ሥራ የሚለያቸው ምንድን ነው? ድካሙ አይደለም፤ ሽሮ መሥራት ማኪያቶ ከመሥራት ይከብዳል። የልብ ቅንነትም አይደለም፤ ያቺ ልጅ ልቧ ቅን ነበር። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። ለተፈናቃዩ የቀረበው ሽሮ አይሸጥም ነበር። የካፌው ሻይ ግን ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

እስቲ ያንን ዋጋ እንፍታው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሒሳብ ውስጥ የሻይ ቅጠሉና የስኳሩ ዋጋ አለ፤ የመብራቱና የውሃው አለ፤ የብርጭቆው ስብራት አለ፤ ሻዩን አፍልቶ፣ አቅርቦ፣ ብርጭቆውን ያጠበው ሰው ድካምም አለ። ደንበኛው ሁሉንም አንድ ላይ ከፍሏል። ስኳር ያመጣው ነጋዴ ገንዘቡን ተቀበለ። መብራት ኃይልም ተቀበለ። የልጅቱ ድርሻ ብቻ እኛው ዘንድ ቀረ። ስለዚህ «ልጅቱ በነፃ ሠራች» ማለት ልክ አይደለም። ደንበኛው የድካሟን ዋጋ ከፍሎ ነበር፤ ያልደረሰው ለእርሷ ነው።

ደቦና ሁዳድ

ይህን ልዩነት የወሎ ገበሬ ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። ወንፈል ሲገባ ዛሬ የአንተን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ሲጠራ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል፤ አቅም ላጣች መበለት ወይም ለታመመ ሰው ሲሆን ደግሞ መንደሩ ዘፈኑን እያዜመ በአንድ ቀን አጭዶላቸው ይሄዳል። በወንፈልም በደቦም ሠራተኛው ሦስት ነገር ያውቃል፦ እርሻው የማን እንደሆነ፣ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ፣ በተቸገረ ቀን የእርሱም ተራ እንደሚመጣ።

ከዚያው ማሳ አጠገብ ሁዳድ የሚባል ሌላ ማሳ ነበር። ገባሩ ከራሱ እርሻ ቀን እየቆረሰ የጌታውን ሁዳድ ያርስ፣ ያርም፣ ያጭድ ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁዳድም ደቦ ይመስላል፤ በሬው ያው ነው፣ ማጭዱም ያው ነው። ነገር ግን ከሁዳድ መቅረት አይቻልም፤ የገባሩም ተራ አይመጣም። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቀረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ «በፈቃደኝነት» ተብሎ ስም እየተጠራ የሚሰበሰብ መዋጮና ጉልበት መጣ። ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ፈቃደኛ አለመሆን ምን ያስከትል እንደነበር ይነግሯችኋል።

በቤተ ክርስቲያን ማንም አለንጋ አይዝም። እኛ ዘንድ የአለንጋውን ሥራ የሚሠራው ይሉኝታ ነው። ስምህ በጉባኤ ፊት ሲነበብ፣ መጋቢው «እነዚህ ልጆቻችን ራሳቸውን ሰጥተዋል» ብሎ ሲያስጨበጭብልህ፣ ከዚያ በኋላ «አልችልም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተም እኔም እናውቃለን። እምቢ ያለው ወጣት ሥራውን ብቻ ያጣ አይመስለውም፤ ለጌታ ያለው ፍቅር የተለካበት ይመስለዋል። ያቺ ልጅ ስለ ባጃጅ ስትጠይቀኝ ዓይኗን ያላነሣችው ለዚህ ነበር። እኔም መልሴን በጌታ ስም ስለሰጠኋት የምትከራከረው ከእኔ ጋር መሆኑ ቀረ።

መጽሐፍ ቅዱስ ከማን ጋር ነው?

በዘፍጥረት ላይ ላባን እናገኛለን። ላባ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያዕቆብን ደጋግሞ ያታለለ ነው። ሆኖም ያዕቆብ ቤቱ ገብቶ አንድ ወር ሲቀመጥ፣ ዘመድ በመሆንህ በነፃ ልታገለግለኝ አይገባም፣ ደመወዝህን ንገረኝ የሚል ቃል የወጣው ከዚያው ከላባ አፍ ነው (ዘፍ. 29፥15)። «እኛ ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መካከል ደመወዝ የለም» የምንል ሰዎች ይህን ጥቅስ ስናነብ ልናፍር ይገባናል። ላባ እንኳ ዝምድናን የደመወዝ መከልከያ አላደረገውም።

ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ሥራ ከእስራኤል ሠላሳ ሺህ ሰው መለመለ፤ በየወሩ አሥር አሥር ሺህ እያደረገ ወደ ሊባኖስ ላከ (1ነገ. 5፥13–14)። ዓላማው የተቀደሰ ነበር። ቤቱም ተሠራ፤ ክብርም ሞላበት። ነገር ግን ሰሎሞን ሲሞት ሕዝቡ ለልጁ ለሮብዓም ያቀረበው የመጀመሪያ አቤቱታ የቀንበሩ ክብደት ነበር። ሮብዓም ሊሰማ አልፈቀደም። በግዳጅ ሥራው ላይ የተሾመው ሰው በድንጋይ ተወግሮ ሞተ፤ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ (1ነገ. 12)። የዓላማው ቅድስና የሸክሙን ምሬት አላጠፋውም።

ከዚህ ጋር የመገናኛውን ድንኳን አስተያዩ። እዚያ ልቡ ያነሣሣው ሁሉ በፈቃዱ አመጣ። ስጦታው ከሚበቃው በላይ ሲሆን ሙሴ በሰፈሩ ውስጥ አዋጅ አስነግሮ ሕዝቡ ማምጣቱን እንዲያቆም አደረገ (ዘጸ. 36፥5–7)። የእውነተኛ የፈቃድ ስጦታ ምልክት ይህ ነው፤ «በቃ» የሚባልበት ቀን አለው። የእኛ ካፌ «በቃ» የሚባልበት ቀን አልነበረውም። አዳራሹ ጣሪያ ሲለብስ ወንበር ተፈለገ፤ ወንበሩ ሲገዛ የድምፅ መሣሪያ ተፈለገ።

ነቢዩ ኤርምያስ ባልንጀራውን በከንቱ አሠርቶ ዋጋውን የማይሰጥን ሰው «ወዮለት» ሲል የተናገረው ቤቱን በማሠራት ላይ ለነበረው ለንጉሥ ኢዮአቄም ነው (ኤር. 22፥13)። ኦሪትም የድሀውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ታዝዛለች (ዘዳ. 24፥14–15)። ያዕቆብ በመልእክቱ የተያዘ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል (ያዕ. 5፥4)። በዚያው መልእክት ደግሞ የራበውን ወንድም «በደህና ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን ስለሚሰድድ ሰው ያነሣል (ያዕ. 2፥15–16)። እኔ ያንን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የእኔ «ተባረኪ» ከዚያ ንግግር በምን እንደሚለይ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ጳውሎስስ?

«ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በነፃ አገለገለ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። መልካም ጥያቄ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 9ን ግን ከመጀመሪያው አንብቡት። ጳውሎስ መብቱን ከመተው በፊት መብት እንዳለው በረጅሙ ይሟገታል። ወታደሩን፣ ወይን ተካዩን፣ እረኛውን፣ የሚያበራየውን በሬ ሳይቀር እየጠራ ደመወዝ የሚገባ መሆኑን ያጸናል። ከዚያ በኋላ ነው «እኔ ግን በዚህ መብት አልተጠቀምሁም» ወደሚለው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ሊሰጥ የሚችለው የራሱ የሆነ ነገር ያለው ብቻ ነው። መብቱ ያልታወቀለት ሰው መብቱን ሊተው አይችልም። ሁለተኛ፣ ጳውሎስ የተወው የራሱን መብት ነው እንጂ በጢሞቴዎስ ፈንታ ሆኖ የጢሞቴዎስን መብት አልተወም። እኛ ግን ደመወዝተኛ ሆነን ሳለን የሌላውን መብት በእርሱ ስም ተውን። ያን ጊዜ እኔ በየወሩ መጨረሻ ፈርሜ ደመወዝ እቀበል ነበር። ሽማግሌዎቹም የየራሳቸው ሥራና ንግድ ነበራቸው። በነፃ የሠራችው ከሁላችን ድሀዋ ነበረች።

ጳውሎስ አናሲሞስን ከራሱ ጋር ሊያስቀረው ወድዶ ሳለ፣ መልካሙ ሥራ በግድ እንዳይሆን ያለ ፊልሞና ፈቃድ ምንም ሊያደርግ አልወደደም። ዕዳ ቢኖር «እኔ እከፍላለሁ» ብሎም በገዛ እጁ ጻፈ (ፊል. 14፣ 19)። አገልግሎትን ከግዴታ የሚለየው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነው።

ሁለት የውጭ ፍርዶች

ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮች እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአሜሪካ የቶኒና ሱዛን አላሞ ድርጅት የሚባል ሃይማኖታዊ ተቋም የነዳጅ ማደያ፣ የልብስና የሸቀጥ መደብር፣ የአሳማ እርባታ፣ የጣሪያና የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ሞቴልና የመሳሰሉ ንግዶች ነበሩት። የሚሠሩለት 300 ያህል «ተባባሪዎች» ሲሆኑ አብዛኞቹ ከሱስ ወይም ከወንጀል ሕይወት ወጥተው በተቋሙ አማካይነት የተለወጡ ሰዎች ነበሩ። ምግብ፣ ልብስና መጠለያ እንጂ ደመወዝ አይሰጣቸውም ነበር። መንግሥት በሠራተኛ ሕግ ከሰሰ። ሠራተኞቹ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው «ደመወዝ አንፈልግም፤ ፈቃደኞች ነን» ብለው መሰከሩ።

እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ በተቋሙ ላይ ፈረዱ። በፍርዱ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች አሉ። «ፈቃደኛ ነኝ» ማለት ብቻ ከሕጉ የሚያወጣ ቢሆን ኃይል ያለው አሠሪ ሁሉ ሠራተኛውን እንዲህ ሊያስብለው ይችላል። አረጋውያንን ወደ ቤተ ክርስቲያን በመኪና የሚያመላልስ፣ በቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ የሚያስተናግድ፣ የችግረኞችን ቤት የሚያድስ ሰው በዚህ ፍርድ አይነካም፤ ነገሩ የሚመለከተው ንግዱን ነው። ሦስተኛውን ልብ በሉት፤ ሠራተኛው ደመወዙን ከተቀበለ በኋላ በፈቃዱ ለተቋሙ መልሶ ቢሰጥ የሚከለክለው ሕግ የለም።

በኒው ዚላንድ ደግሞ ግሎሪያቬል የሚባል፣ በአንድ ግቢ የሚኖር የክርስቲያን ማኅበረሰብ አለ። የወተት ከብት እርባታን የመሰሉ ንግዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያ የሠሩ ሦስት የቀድሞ አባላት ሠራተኞች እንደነበሩ ወሰነ። በ2023 ደግሞ በማእድ ቤትና በልብስ አጠባ ረጅም ሰዓት የደከሙ ስድስት ሴቶችም እንዲሁ ሠራተኞች ነበሩ አለ። ለዓመታት ሁሉም «ለእግዚአብሔር ማድረግ ነው» ሲባል ኖሯል።

እነዚህን የጠቀስሁት የእኛ አጥቢያዎች እንደነዚያ ናቸው ለማለት አይደለም። እኛ ግቢ ዘግተን ሰው አናኖርም። ያሳፈረኝ ግን ይህ ነው፤ ስለ ስጦታ ምንነት ዓለማዊው ዳኛ ከእኔ ይልቅ ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 9 ቀርቦ መገኘቱ። መጀመሪያ እጁ ይግባ፤ ከዚያ ከፈለገ ይስጥ።

የአገራችን ሕግና የፒያሳ ጎረቤት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሃይማኖታዊ ድርጅቶችን በአንድ ቃል ከሕጉ ውጭ አላደረጋቸውም። እነርሱ በሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት ላይ አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን ይችላል ነው ያለው። አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ላሉት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይፈቅድም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል።

«እኛ ደመወዝ ስላልተስማማን ቅጥር አይባልም» ብሎ በቃላት የሚያመልጥ ይኖር ይሆናል። የክርስቲያን ጽድቅ ግን በሕግ ቀዳዳ አይለካም። የሻይ ጀበናው ፍል ውሃ የወጣቱን እጅ ቢያቃጥለው ማን ያሳክመዋል? ለሰባት ሰዓት ክፍል ውስጥ የዋለ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ አምሽቶ መቼ ያጠናል? እነዚህ ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ጎረቤትም አለ። በፒያሳ ካፌ የከፈተ ሰው ኪራይ ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል፣ ለአስተናጋጁና ለአብሳዩ ደመወዝ ይከፍላል። እኛ አጠገቡ ያለ ኪራይና ያለ ደመወዝ ከፍተን ሻዩን አርክሰን ብንሸጥ ደንበኛው ወደ እኛ ይመጣል፤ ጎረቤታችንም አስተናጋጁን ያሰናብታል። በደሴ ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ስብከታችንን ላይሰማ ይችላል፤ ንግዳችንን ግን በየቀኑ ያያል። እርሱ ልጆቻችን ደመወዝ እንደማይቀበሉ ሲያውቅ ስለ ጌታችን ምን ብሎ ያስባል? ጳውሎስ የተሰበሰበውን ገንዘብ በሚያደርስበት ጊዜ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጽፏል (2ቆሮ. 8፥20–21)። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የአገራችን ሰው። በሌላው ላብ የተሠራ አዳራሽም እንዲሁ ነው።

ሽማግሌዎቹም ነጥብ አላቸው

ነገሩን በሚዛን እንየው። ሽማግሌዎቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለገጠር ወንጌላውያን ደመወዝ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው እርዳታ አይዘልቅም። «ቤተ ክርስቲያን ራሷን ትቻል» ማለታቸው ትክክል ነው፤ መነገድም ኃጢአት አይደለም። «ወጣቱ ሥራ ይለምዳል» የሚለው ሐሳባቸውም እውነት አለው። ሥራ አጥ ሆኖ ቤት ከመዋል ሒሳብ መያዝና ደንበኛ ማስተናገድ መማር ይሻላል።

ነገር ግን መልመጃ ከሆነ የመልመጃ ምልክት ይኑረው፤ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የሚያስተምር ሰው፣ ሲያልቅም የምስክር ወረቀት። ስምንት ወር ሙሉ ያንኑ ብርጭቆ ማጠብ ስልጠና አይባልም። «ትርፉ ደመወዝ ለመክፈል አይበቃም» ከተባለም መልሱ ግልጽ ነው፤ ለሠሪው መክፈል የማይችል ንግድ ትርፍ የለውም። ትርፍ መስሎ የታየው ያልተከፈለው ደመወዝ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በየኅብረታችሁ ልትነጋገሩባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱን እንለይ። ዋጋ የተለጠፈበት ሥራ ሁሉ ደመወዝ ይኑረው። መዘመር፣ ሕሙማንን መጠየቅ፣ አዳራሽ ማጽዳት፣ ለተራበ ማብሰል አገልግሎት ሆነው ይቀጥሉ፤ እነዚያን አትቁጠሩ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ እጅ ይግባ። ወጣቱ ፈርሞ ይቀበል። ከዚያ እሑድ በመባ ሳጥን ውስጥ ሁሉንም ቢጨምር፣ ግማሹን ቢጨምር፣ ወይም ለእናቱ ስኳር ቢገዛበት በእርሱና በጌታው መካከል ነው። ማንም አይጠይቀው።

ሦስተኛ፣ «አልችልም» ማለት ይቻል። የካፌ ተራ ያልወሰደ ወጣት ከመዘምራን አይውጣ፤ ስሙም በጉባኤ አይነሣ።

አራተኛ፣ መዝገቡ ይከፈት። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ዋለ የሚለው ለምእመኑ በየጊዜው ይነበብ። በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በእምነት ከእኛ ጋር አይገናኝም። ሆኖም አባላቱ አብረው ሸምነው፣ ነግደው፣ ትርፉን በዓመቱ መጨረሻ እኩል ይካፈላሉ። ለአረጋውያንና ለችግረኞች የሚውለውን ሥራ ደግሞ ለብቻው በሳምንት አንድ ቀን ይሠራሉ። የትኛው ቀን የገበያ፣ የትኛው የምጽዋት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚህ መማር አያሳፍረንም።

ያቺን ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ኮምቦልቻ አገኘኋት። ከሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ መናኸሪያ አካባቢ ስደርስ፣ የፋብሪካ መታወቂያ በአንገቷ አንጠልጥላ ከጓደኞቿ ጋር ትሄድ ነበር። ሰላም ተባባልን። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እኔ ገንዘቡን አይደለም» አለችኝ። «ደመወዙ እዚህም ትንሽ ነው። ግን በወር አንድ ጊዜ ስሜን ፈልጌ እፈርማለሁ። እዚያ ስሜ የትም አልነበረም።»

ስሟ አንድ ቦታ ነበር። ተራ የማወጣበት ደብተር እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። ያን ዕለት ማታ አውጥቼ ቆጠርሁ፤ በስምንት ወር ውስጥ 203 ቀን። አስተናጋጅ በዚያን ጊዜ በቀን ይከፈላት በነበረው አባዝቼ ደብዳቤ ጻፍሁና ከደብተሩ ቅጂ ጋር ለዚያ አጥቢያ ሽማግሌዎች ላክሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው። የእኔን ድርሻ ግን መልስ ሳልጠብቅ ከፍያለሁ።

ፒያሳ ላይ የጠየቅኸኝ ወንድሜ ሆይ፣ መልሴ ዘግይቷል። ጥያቄህ የማመፅ ጥያቄ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተህ፣ በትሕትና፣ ያንኑ ጥያቄ ድገመው። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።